የአድማሴ አንዲት ጥያቄ

አድማሴ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ከቡሬ ወደ ዓባይ ቆላ በሚያወርደው አገር ይህን የማያውቅ አልነበረም። ጤፍ ልዝራ ወይስ ዳጉሳ እያለ ማሳው ዳር ሲመላለስ የዘር ጊዜ የሚያልፍበት፣ ገበያ ወርዶ በሬ ሲያማርጥ ውሎ ባዶ እጁን የሚመለስ፣ ያ አድማሴ! ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ሆዱ ቂም አያውቅም። ብቻ ነገር መቁረጥ ላይ አምላክ አልረዳውም።

እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ዘመኑ ና ምረጥ ያለው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽጉን ሠርቶ ጠመንጃ አስረክቡ እያለ ነው። ንጉሡ አገር የሉም፣ ጭቃ ሹሙም የገባበት አይታወቅ። በእኛ አገር መንግሥት የጠፋ እንደሆነ ሰው ዝም ብሎ አይበተንም፤ ተሰብስቦ ከመሀሉ የጎበዝ አለቃ ይመርጣል። የተመረጠው ያዛል፣ ይዳኛል። ዝመቱ ካለ ይዘመታል፣ ለጣሊያን እጅ ሰጥታችሁ ግቡ ካለ ይገባል። ከዚያ ወዲያ እኔ የለሁበትም ብሎ ነገር የለም።

የታጩት ሁለት ናቸው። ደረሰ ጎልማሳ ነው፤ ጠመንጃችንን ይዘን ቆላ እንውረድ፣ ከአርበኞቹ ጋር እንሁን ባይ። አያ ዘሩ ሽበታም ናቸው፤ ጠመንጃውን ሰጥተን እንግባ፣ ቤታችን አይቃጠል፣ እርሻችንን እንረስ ባይ። ሁለቱም የተከበሩ፣ ሁለቱም አገራቸውን የሚወዱ ናቸው። አንዳቸው እንኳ ቀጣፊ ቢሆኑ ለአድማሴ ምንኛ በቀለለው!

የሱ ጭንቅ እናኑ ናት፣ ሚስቱ። ወሯ ገብቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ልጅ በምጥ ሞቶባታል፤ በሁለተኛው እሷም ልትከተል ምንም አልቀራት፣ ያተረፈቻት አዋላጇ ሀብትነሽ ናት። ሀብትነሽ ደግሞ አገር ቢገለበጥ ከባሌ መቃብር ርቄ አላድርም ብላ የማለች ባልቴት ናት። እንግዲህ ደረሰ ከተመረጠ እናኑ ያን ሆዷን ይዛ ገደል ልትወርድ ነው፣ ያለ አዋላጅ። ታዲያ ዘሩን አይመርጥም? እንዳይመርጥ ታናሽ ወንድሙ ክንዱ ቆላ ከአርበኞቹ ጋር ነው፤ የገባ አገር ደግሞ ለጣሊያን መንገድ መሪ ያወጣል። በገዛ ወንድሙ ላይ መንገድ ሊመራ? ኧረ ምድር ትዋጠው!

ምርጫው ለእሑድ ተቀጠረ። ያን ሳምንት አድማሴን መሬት አልበቃው አለ። አንድ ጊዜ ደረሰ ደጅ፣ አንድ ጊዜ ዘሩ ደጅ። ከዘሩ ሰዎች ጋር ሲውል ለደረሰ ይከራከራል፣ ከደረሰ ሰዎች ጋር ሲውል ለዘሩ። ቡሬና ቆላውን ሲመላለስ የሚውለውን ጨው ነጋዴ ኢሳን መንገድ ላይ ይዞ አፋጠጠው።

«የገቡትን አይተሃል፤ እንዴት ናቸው? እውነቱን ንገረኝ በሞቴ!»

«ቤታቸው አልተቃጠለም፣ አያ አድማሴ» አለ ኢሳ። «ግን ጨው ሲገዙኝ ቀና ብለው አያዩኝም።»

ይህም አልጠቀመውም። እንዲያውም ባሰበት።

ቅዳሜ እናኑ ተናደደች። «አገሩን ሁሉ ስትጠይቅ ሰነበትህ፤ እኔን ምነው አልጠየቅኸኝ?»

«አንቺን ላስጨንቅሽ?»

«አሁንስ ያላስጨነቅኸኝ መሰለህ? ተቀመጥ እስቲ፣ አዞርኸኝ! ምንድን ነው የፈራኸው?»

አልተቀመጠም። ምሰሶውን ይዞ «ቆላ ብንወርድና ምጡ ቢመጣብሽ ማን አለሽ?» አላት።

እናኑ ሆዷን ያዘች። እሷም የምትፈራው ያንኑ ነበር። «ታዲያ ይህንኑ ጠይቃ» አለችው። «ስንቱን ነገር ስትጠይቅ ይህችን ብቻ ነው ያልጠየቅኸው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንዱ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተሰበሰበ። ደረሰ በበሩ በኩል፣ አያ ዘሩ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። መምሬ ዓለምብርሃን መስቀላቸውን ይዘው «በሉ፣ ከመረጣችሁት ሰው ኋላ ሄዳችሁ ተቀመጡ» አሉ። የደረሰ ዘመዶች ወደ ደረሰ፣ የዘሩ ወደ ዘሩ። የቀረው ሰው፣ ያውም የሚበዛው፣ ከመሀል ተቀምጦ እርስ በርሱ ይተያያል። ለካስ የጨነቀው አድማሴ ብቻ አልነበረም! እሱ እግሩ ስለማያርፍ ታወቀበት እንጂ ሌላውም ሲያመነታ ነው የሰነበተው።

አድማሴ አላስችል አለው። ቆላ የሚያወርደን ደረሰ ነው፤ እናኑን ማን እንደሚያዋልዳት እሱኑ ልጠይቀው ብሎ ተነሣና ወደ ደረሰ አመራ።

«አድማሴ እንኳ ቆረጠ!» አለ አንዱ ከኋላው።

ወዲያው መሀሉ ተነቀለ። አድማሴ የቆረጠበት ነገር ምን ያጠራጥራል ብሎ ሰዉ እየተጋፋ ሄዶ ከደረሰ ኋላ ተቀመጠ። አድማሴ አፉን ሳይከፍት ደረሰ ብድግ ብሎ አቅፎ ትከሻውን ሳመው። አያ ዘሩም ጥቂት ቆይተው ተነሡና «አገር ከቆረጠ እኔ ብቻዬን አልቀርም» ብለው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። መምሬ ገዘቱ፤ ምርጫው ጸና። ጥያቄው አድማሴ አፍ ውስጥ ቀረች።

በማግስቱ ከሀብትነሽ በቀር አገሩ ተነቅሎ ቆላ ወረደ። እሱ ቁልቁለቱን እናኑን ደግፎ ሲወርድ ሰው ሁሉ «አንተ ባትቀድም ማን ይደፍር ነበር!» ይለዋል። እሱ ላብ በላብ ሆኖ የእናኑን ክንድ አጥብቆ ይይዛል። ሳምንት ሳይሞላ ጣሊያን መጣ፤ የመንደራቸው ጭስ ከቆላው ታየ። በዚያው ቀን እናኑን ምጥ ያዛት።

ሴቶቹ ዋሻ አስገቧት። አድማሴ ከዋሻው ደጅ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይዞራል። እናኑ በጮኸች ቁጥር ምነው እግሬ ተሰብሮ ከተቀመጥሁበት ባልተነሣሁ ይላል። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ሀብትነሽ በዱላ እየተደገፈች ቁልቁለቱን መጣች። ነጠላዋ አመድ ለብሷል፣ ቅንድቧ ተለብልቧል።

እግሯ ላይ ወደቀ። «እምዬ ሀብትነሽ፣ ይርገሙኝ! ቤትዎን ያስቃጠልሁት እኔ ነኝ። እኔ መች መረጥሁ? ልጠይቅ ነበር የተነሣሁት!»

«ምን ልትጠይቅ?»

«ቆላ ከወረድን እናኑን ማን ያዋልዳታል ብዬ።»

ሀብትነሽ ቁልቁል አየችው።

«አንተ ጅል!» አለችው። «ይህችን ደጄ መጥተህ ብትጠይቀኝ፣ መሐላዬን መምሬ ይፍቱኝ ብዬ ላሜን እየነዳሁ ከፊትህ እወርድ ነበር። አንድ ያለችኝ ላም በረቷ ውስጥ ነደደች።» እንባዋን በአመዳሙ ነጠላዋ ጠረገች። «በል ዞር በል ከመንገዴ። ውሃ አሙቁ በላቸው።» ዱላዋን አስይዛው ገባች።

አድማሴ በሁለት እጁ ዱላውን ይዞ ከዋሻው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ልጁ ሲያለቅስ እንኳ አልተነሣም።