ከእትዬ ብርቄ ሱቅ ጀርባ ያለችው ጓዳ

በእኛ አቃቂ ሰፈር «ጓዳ ግባ» መባል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ባለሱቋ እትዬ ብርቄ ዘይት ሲጠፋ ለቤተኛ ደብቀው የሚሸጡት ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። ችግሩ፣ ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ የወንድማቸውን መርዶ የሰሙትም እዚያችው ጓዳ ውስጥ ነው።

ባለፈው እሁድ ጠዋት ሳሙና ልገዛ ብቅ ስል፣ እትዬ ብርቄ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ «ጓዳ ግባ የኔ ልጅ» አሉኝ። ዘይት መጣ ብዬ ደስ እያለኝ መጋረጃውን ገለጥኩ። የእድራችን ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በጀሪካኖቹ መሃል ተቀምጠዋል።

«ቁጭ በል ልጄ» አሉኝ ዳኛው፣ ውሃ እያቀበሉኝ። «መቼም ወንድ ልጅ ጠንካራ ነው።»

እናቴ ሐዋሳ እህቴ ጋ ሄዳለች። ማታ ብደውልላት አላነሳችም። «እናቴን!» ብዬ ጮህኩና የስኳር ጆንያው ላይ ተዘረርኩ።

«ኧረ በስመ አብ በል! ምን ያሟርትሃል?» አሉ ዳኛው ደንግጠው። «እናትህማ አሁን ከባለቤቴ ጋር በስልክ ሲሳሳቁ ነበር። እኛ የእድሩ ጸሐፊ ሁንልን ልንልህ ነው!»

እፎይ! ምርጫ በተነሳ ቁጥር ከስብሰባ ሹልክ የምለው ሰውዬ፣ ጉልበታቸውን ስሜ «እሺ፣ በደስታ!» አልኩ።

ዳኛው ትንሽ አሰቡና አንገታቸውን ወደ ሱቁ አሰገጉ።

«ብርቄ! ንብረት ያዥም ይቀረናል። እስቲ ያ ስብሰባ የሚሸሸው ዘሪሁን ሲያልፍ ጓዳ ግባ በይልን።»