ድልድዩ ላይ የወረደው አያት

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከአምቦ ባኮ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መርሳት ሲጀምር መጀመሪያ የጠፋበት መነጽሩን ያስቀመጠበት ቦታ ነበር፤ ቀጥሎ የጎረቤት ስም። ሐኪሙ ገና ቀላል ነው፣ አእምሮውን አሠሩት አለን። ረቡዕ ረቡዕ ለአረጋውያን የማስታወስ ልምምድ ወደምታሠራ ነርስም ላከን።

ጊዜው አልተመቸም። የታላቅ ወንድሜን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች ሊመጡ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱ ወገኖች ዘመድ አለመሆናቸው የሚታወቀው ከየቤቱ ትልቁ ሰው የትውልድ ሐረጉን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥር ነው። ወንድሜ አባታችን በሰው ፊት እንዳይደናቀፍ ብሎ አጎታችን ይቁጠር አለ። አባቴ አልተቆጣም። እንደዚያ ከሆነ ጓዳ ገብቼ ሬዲዮ እሰማለሁ አለ። ከቁጣ ይልቅ ይህ ከበደኝ።

ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ቲማቲም፣ ቁልፍ፣ ጃንጥላ እያለች አሥር ዕቃ ደረደረች፤ በጨርቅ ሸፍናም ምን ምን እንደነበረ ጠየቀች። አባቴ ሦስት ጠርቶ፣ የቀረውን የሸፈነችው ታስታውስ አለና ቤቱን አሳቀው። ሳይቸገሩ የሚያስታውሱት ምንድን ነው ስትለው ግን እስከ ባኮ ያለውን ፌርማታ በአንድ ትንፋሽ ዘረዘረላት። እኔም የሐረግ ቆጠራውን ነገር አጫወትኳት።

«እንግዲያው አባባ፣ አያቶችዎን በየፌርማታው ያውርዷቸዋ» አለችው።

እኔ እጃጂ ለምትኖረውና ሐረጉን ከሁላችን በላይ ለምታውቀው አክስቴ ደውዬ ሐረጉን ጻፍኩ። ከሰባትም አልፋ ነው የነገረችኝ። ጠዋት ጠዋት አብረን እየተራመድን አባቴ አያቶቹን በየፌርማታው ያወርዳል፣ እኔ ከማስታወሻዬ አርማለሁ። ጉደር ድልድይ ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ እኔ ያልጻፍኩትን ሰው ያወርዳል።

«አባዬ፣ ድልድዩ ፌርማታ አይደለም።»

«አንተ ክረምት ላይ ነድተህ ታውቃለህ? ጭቃ ሲይዘን ሰው ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነበር።»

ስህተት ብዬ ምልክት አደረግኩበት፤ ለወንድሜም እንደዚያው ነገርኩት።

በቀኑ ወንድሜ አጎታችንን ከአባቴ አጠገብ አስቀመጠ። አጎቴ ጉሮሮውን ሲጠራርግ አባቴ ቀድሞት ጀመረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ዘርግቶ። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ያንን ሰው ጠራ። ሁላችንም ለሽምግልናው ከእጃጂ የመጣችውን አክስቴን አየናት።

«ኤዬ፣ ልክ ነው» አለች።

ጌዶ ፌርማታ ላይ ቆመ። ወንድሜ አጎታችንን በክርኑ ነካው።

«ጌዶ ምሳ ነው» አለ አባቴ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

እንግዶቹ ሳቁ። ሳቁ እስኪበርድ እሱም መንገዱን አገኘና የቀሩትን አንድ በአንድ አወረደ። የወንዱ ወገንም ቆጠረ፤ ሐረጎቹ የትም አልተገናኙም፤ ልጅቷ ተፈቀደች።

እንግዶቹ ሲሄዱ ከአክስቴ ጋር ማስታወሻዬን አየን። አንዱ ገጽ አልቆ ሌላው ሲጀምር ያንኑ የድልድዩን ሰው ዘልያለሁ። ለአባቴ አሳየሁት። ከደረት ኪሴ እስክሪብቶዬን መዝዞ ሰጠኝ።

«ጻፈው» አለኝ፤ «ሰው ጭቃ ላይ ጥለህ አትሂድ።»