አማቼ ያወረደው ድምፅ

ባለፈው እሑድ አንድ መምህር በሬዲዮ ሲናገር ሰማሁ። በአንዳንድ ሕዝቦች ቋንቋ ቃሉ ሳይለወጥ፣ ድምፅን ከፍ ወይም ዝቅ በማድረግ ብቻ «መጣ» የነበረው «ይመጣል» ይሆናል አለ። የልጅ ልጆቼ ተገረሙ። እኔ ሬዲዮውን አጠፋሁት። እንዲህ ባለ ቋንቋ በጣሊያን ጊዜ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር፣ እኔም ተናግሬበታለሁ።

ቋንቋውን የፈጠረው ባሌ አያሌው ነው። ያን ጊዜ የዐሥራ ስድስት ዓመት ሙሽራ ነበርሁ፤ እሱ ከአርበኞች ጋር ከማሳችን ማዶ ጫካ ገብቶ ነበር። ወንድ ከተጣራ ባንዶቹ ይጠረጥራሉ፤ ሴት ከብት ስትጠራ ግን ማን ልብ ይላታል? «ኧ ሆ ሆይ» እላለሁ። መጨረሻውን ከፍ ካደረግሁት «እየመጡ ነው»፣ ዝቅ ካደረግሁት «ሄደዋል፣ ውረድ» ማለት ነው።

«ለአባቴም እንዳትነግሪ» አለኝ። አልነገርሁም። ሲወርድ ቂጣ በኑግ አበላው ነበር፤ ቆሞ ነው የሚበላው።

አባቱን ዕድሜውን ሙሉ «አንቱ» ብዬዋለሁ፤ ዛሬ ግን «አንተ» ነው የምለው። ትዳር በያዝሁ በሳምንቴ «በዚህ ቤት የሴት ድምፅ ከአጥር አይወጣም» ብሎኛል። እሱ ባለበት የምናገረው በሹክሹክታ ነበር።

ጥቅምት ነበር፤ ኑጉ አብቦ አገሩ ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ከጉብታው ላይ ሆኜ ባንዶቹ ወንዙ ዳር ሲያደፍጡ አየሁ። አፌን ከፍቼ መጣራት ስጀምር፣ ለካ አማቼ በሬ ፍለጋ መጥቶ ከኋላዬ ቆሟል።

«አንቺ ሴት፣ ምን ነካሽ? ነውር ነው!» ብሎ ገላመጠኝ።

የጀመርሁት ጥሪ መጨረሻው ላይ ዝቅ አለ። ደግሜ ልጮህ ስል ከአፌ የወጣው ሹክሹክታ ብቻ ነበር። አያሌው ኑጉን በእጁ እየገለጠ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ ተኩስ ሆነ፤ አስከሬኑን በቃሬዛ አመጡት።

የዚያን ለት ለአማቼ እግሩ ላይ ወድቄ ሁሉንም ነገርሁት።

«አባቴ፣ እርስዎ ሲቆጡኝ ነው ድምፄ የወረደብኝ» አልሁት።

እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ለቀስተኛው ሲሰበሰብ ግን «ልጄን ያስበላችው ሚስቱ ናት፤ ጠርታ አስገደለችው» አለ። ጉብታው ላይ እኔን መቆጣቱን ሸሸገ። እኔም በሽማግሌ ፊት መልስ አይሰጥምና አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲህ በየገበያው «ባሏን ያስበላች» ተባልሁ።

ይቅርታ ሳይጠይቀኝ ሞተ። ሰው ሁሉ «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል፤ እኔን ያድርገኝ። ጉብታው ላይ አላወቀም ነበር፤ በዚያ አልጠላውም። ለቅሶው ላይ ግን ያውቅ ነበር።