ቆሎ የተጠቀለለበት መጽሐፍ

እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ናዝሬት ገበያ ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ከተጻፈ ጽሑፍና ከሱቅ ማስታወቂያ ነው። ሚዛን መጠገንም ማንም አላስተማረኝም፤ ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ እንደገና ፈትቼ ነው የቻልኩት። ከሞጆ እስከ ዝዋይ የእህልና የሽንኩርት ሚዛን ሲዛባ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ዲፕሎማ የያዙ ሰዎች ማመልከቻቸውን አምጥተው "ጋሽ ይልማ፣ እስቲ ይዩልን" ይሉኝ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ ቀጥሎ የምናገረውን ጥፋት የሠራው የመጽሐፍ ዋጋ የማያውቅ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ስኳርና ሳሙና በቀበሌ ኩፖን በምንገዛበት ዘመን ነው። ዛሬ ዓይኔም ጉልበቴም ደክሟል፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ይህ ግን አልለቀቀኝም።

ቤታችን የሚገባው መጽሐፍ አንድ ከሆነ የሚፈልገው ሦስት ሰው ነበር። ባለቤቴ አስካለ ማንበብ አትችልም፤ እሷ ምስር ስትለቅም እኔ ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። ልጃችን ሂሩት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፤ ሲነበብላት አትወድም፣ "በራሴ ዓይን ነው" ትላለች። እኔ ደግሞ አንድን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ካላነበብኩ አነበብኩ አልልም፤ መጀመሪያ ለአስካለ በድምፅ፣ ቀጥሎ ለራሴ በዝምታ፣ ሎንችና ላይ። ጭቅጭቁ ሲበዛ መላ ፈጠርኩ። መጽሐፉን ከጀርባው በምላጭ ለሦስት እከፍለዋለሁ፤ ሁላችንም ስንጨርስ ሰም በተቀባ ክር መልሼ እሰፋዋለሁ። ስፌቴ ከማተሚያ ቤቱ ስፌት ይጠነክር ነበር።

በግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ነርስ ነበረች፣ ሲስተር ዘነበች። አንድ ቀን ሽፋኑ የወደቀ፣ ርዕሱም የጠፋ ወፍራም ልብ ወለድ ይዛልን መጣች።

"የወንድሜ ነው ጋሼ" አለች። "ዳር ዳሩን በእርሳስ ጽፎበታል። እኔ ልከፍተው አልቻልኩም። ዝም ብሎ ከሚቀመጥ እናንተ አንብቡት።"

ወንድሟ፣ ወጣት በሚታፈስበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ነው። መቃብሩ አይታወቅም። ደብተሮቹንና ፎቶግራፎቹን እናቱ ፈርታ አቃጥላቸዋለች። ከእጁ ጽሑፍ የቀረው ይህ ብቻ ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅሁ በምላጭ ለሦስት ከፈልኩት። ልማድ ነው፤ እጄ ከአሳቤ ቀደመ።

መካከለኛውን ክፍል ለአስካለ አንብቤላት ጨረስኩ። እኔ ሳነብ የምዘለው ነገር የለም፤ ዳር ላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ ጭምር አነበብኩላት። በዚያው ሰሞን ሲስተር ዘነበች ሩቅ አገር እንደተዛወረችና ቅዳሜ እንደምትሄድ ነገረችን። መጽሐፏንም ይዛ ትሄዳለች።

ረቡዕ ዕለት ዓለም ጤና ከተማ የሽንኩርት ሚዛን ተበላሽቶ ተጠራሁ። መካከለኛውን ክፍል ለሁለተኛ ጊዜ ላነበው ይዤ መቂ በሚሄደው ሎንችና ተሳፈርኩ። ያን ሳምንት ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር ሞጆን ሳናልፍ እንቅልፍ ጣለኝ። ረዳቱ "ዓለም ጤና!" ብሎ ሲጮህ የመሣሪያ ከረጢቴን አንስቼ ዘለልኩ። ሚዛኑን ፈትቼ፣ ጠርጌ፣ ገጥሜ፣ ላርፍ ቁጭ ስል ነው ወረቀቱ በእጄ አለመኖሩን ያወቅሁት።

በሽንኩርት ጭነት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ መቂ ደረስኩ። ሎንችናው መናኸሪያ ቆሟል። ረዳቱ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

"ወንበር ላይ ወረቀት አላገኘህም?" አልኩት።

"ያ የተገነጠለው? ለአደ ጫልቱ ሰጠኋት፣ ቆሎዋን ትጠቅልልበት ብዬ።"

"መጽሐፍ እኮ ነው!"

"ኧረ ጋሼ፣ መጽሐፍማ ሽፋን አለው።"

አደ ጫልቱ መናኸሪያው በር ላይ ቆሎ የምትሸጥ ወፈር ያለች ሴት ናት። "አካም ጅርታ" ብዬ በኦሮምኛ ሰላም ልላት አፌን ስከፍት አንዱን የመጽሐፍ ቅጠል ጠቅልላ ቆሎ ልትሰፍርበት ስትል አየሁ።

"ተይው! ተይው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምነው ሰውዬ፣ እባብ አየህ እንዴ?" አለችና ሳቀች።

የሞተ ልጅ የእጅ ጽሑፍ እንዳለበት ነገርኳት። ሳቋን አቆመች። ጭኗ ላይ የቀረውን ወረቀት ሰጠችኝ፤ ግማሽ አይሞላም። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ዝዋይ ሊሄድ የቆመው ሎንችና ላይ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት።

"ወገኖቼ! ቆሎውን ብሉ፣ ወረቀቱን መልሱ!"

"ቆሎውን በምን ልያዘው?" አለ አንዱ።

"በኪስህ! ኪስ የለህም? መሐረብ የለህም?"

ሰው እየሳቀ፣ ቆሎውን በባርኔጣም በነጠላ ጫፍም እየተቀበለ ወረቀቱን መለሰ። አንድ ሽማግሌ ብቻ አልሰጥም አሉ። "ቆይ እንጂ፣ ማንበብ ጀምሬያለሁ። መርከቡ ሰጠመ ወይስ አልሰጠመም?"

"አልሰጠመም አባቴ፣ ይስጡኝ!"

"እንኳን!" ብለው ሰጡኝ።

ገጾቹን በቁጥራቸው ደረደርኩ። አራት ቅጠል ጎደለ። አደ ጫልቱ አሰብ አደረገችና ራሷን ያዘች። ከእኔ መምጣት ቀደም ብሎ የሻሸመኔው አውቶቡስ ወጥቷል፤ እሱ ላይም ሸጣለች። ልከተለው አሰብኩ። መኪና የለም።

ቤት ስደርስ አስካለ አልተቆጣችም፤ እሱ ይብሳል። ሂሩት የተጨማደደውን ቅጠል በካውያ እየተኮሰች "አባዬ፣ ጨው ጨው ይላል" አለች። አስካለ "የጠፋው የቱ ነው?" አለችኝ።

"መርከበኛው ደሴቲቱ ላይ ወርዶ አህያ የሚገዛበት።"

"ውይ! ልጁ የእህቱን ስም የጻፈው እዚያ ላይ እኮ ነው!"

እኔ አንባቢው ረስቼዋለሁ። እሷ ፊደል የማታውቀው ቃል በቃል ይዛዋለች። "ይህን ለዘኒ ማንበብ አለብኝ፤ በሳቅ ትፈርሳለች" ይላል ብላ ነገረችኝ። ያኔ ነገሩ ሁሉ ትዝ አለኝ። ዘነበች ይህን ጽሑፍ አይታው አታውቅም። ከዚህ በኋላም አታየውም።

ሐሙስና ዓርብ አስካለ እየነገረችኝ፣ እኔ እያስታወስኩ፣ ስምንቱን ገጽ በእጄ ጻፍኩ። የእጅ ጽሑፌ ያኔ የሚያስቀና ነበር። ጽሑፉ ሲያልቅ እርሳስ ቀረጽኩ። የልጁን እጅ ከሌሎቹ ገጾች አይቼ ማስመሰል እችል ነበር፤ ማንም አይለየውም። "ይህን" የሚለውን ጻፍኩ። ቁርጥ የሱ እጅ ሆነ።

አስካለ ጽሑፉን ባታነበውም እርሳሱን አየች። "ይልማ፣ የሞተ ሰው እጅ አትስረቅ" አለችኝ።

በላጲስ አጠፋሁት። በእስክሪብቶ፣ በራሴ እጅ፣ "ወንድሟ እዚህ ዳር ላይ እንዲህ ብሎ ነበር" ብዬ ቃሉን ጻፍኩ። ከዚያ ሦስቱንም ክፍል መልሼ በክር ሰፋሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ዘነበች ሻንጣዋን ደጅ አስቀምጣ ገባች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። "አራት ቅጠል" አለች። "አራት" አልኳት። የጻፍኩትን ገለጥኩላት፤ አላየችውም። ወደ አስካለ ዞረች።

"እትዬ፣ እርስዎ ሰምተውታል? ምን ነበር ያለው?"

አስካለ ነገረቻት።

"እንደገና ይንገሩኝ።"

እንደገና ነገረቻት። "ዘኒ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር" አለች ዘነበች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ታዲያ ያንብቡልኝ ጋሼ" አለችኝ።

ተቀምጬ አነበብኩላት። መርከበኛው ከአህያ ሻጩ ጋር ሲከራከር፣ ፊቱን ወደ አህያዋ ጭራ አዙሮ ሲቀመጥ፣ መሪው ጠፍቶበት ጆሮዋን ሲፈልግ። ድምፄን ቀያይሬ፣ ያለኝን ችሎታ ሁሉ አውጥቼ አነበብኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ፈገግ እንኳ አላለችም።

"እሱ ቢያነበው ያስቅ ነበር" አለች። መጽሐፉን ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ አስካለን ስማ፣ እኔንም ጨብጣ ሄደች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

አሁን አርጅቻለሁ፤ ሰው ሲያረጅ የሠራውን ይቆጥራል። ያለ መምህር ፊደል ቆጥሬያለሁ። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የኔ እጅ ያልነካው ሚዛን ጥቂት ነው። ከሎንችና ተሳፋሪ እጅ ቆሎ አስፈስሼ መጽሐፍ መልሻለሁ። የጠፋ ስምንት ገጽ ከሚስቴ ጋር ጽፌያለሁ። ማስመሰል እየቻልኩ አላስመሰልኩም። ጥፋቴን በአፌ ተናግሬያለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፍ በምላጭ ነክቼ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ችያለሁ። ዘነበችን ማሳቅ ግን አልቻልኩም።