ዲኤንኤስ ስቀያይር

ታናሽ ወንድሜ ማርሴይ ሆኖ ኩላሊቱ ከደከመ በኋላ፣ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ደሙን በማሽን ያጥቡለት ነበር። ስልክ ስደውልለት «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ብሎ ይዘጋዋል። እውነቱን የሚናገረው በኢንተርኔት የእግር ኳስ ጌም ስንጫወት ብቻ ነው። ድሬዳዋ ልጆች ሳለንም እንዲሁ ነበር፤ እጁ ሥራ ካልያዘ አፉ አይፈታም። እኔ ከጅቡቲ እሱ ከፈረንሳይ ኳስ እየተቀባበልን፣ መርፌው እንዴት እንደሚያመው፣ ውሃ እንዴት እንደሚጠማው መሀል ላይ ጣል ያደርግልኛል።

ችግሩ ኢንተርኔቱ ነበር። ቡላኦስ ሰፈር ያለውን የጨርቅ ሱቄን እኩለ ቀን ላይ ዘግቼ ቤት ስገባ፣ እሱም ከሆስፒታል ሲመለስ፣ ልክ ያኔ ይንቀራፈፋል። ተጫዋቾቹ ባሉበት ይደርቃሉ፣ ድምፁም ይቆራረጣል። አንድ ደንበኛዬ ሞደሙ ላይ ዲኤንኤስ የሚባለውን ቁጥር ቀይረው፣ ይፈጥንልሃል አለኝ። ዓርብ ጠዋት ቀይሬ ከማላውቀው ሰው ጋር ሞከርኩት፤ ያለ አንዳች እንከን ሄደ። ለወንድሜ መድኃኒቱን አገኘሁት ብዬ ጻፍኩለት። በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንደገና ደረቀ። ሌላ ቁጥር አስገባሁ፣ ደግሞ ሌላ። እልኸኛ ነኝ፣ የጀመርኩትን አልለቅም። ወራት እንዲህ አለፉ።

በመጨረሻው ቀን ድምፁ ከወትሮው ዝግ ብሎ ነበር።

«ዛሬ ማሽኑ ላይ ሆኜ ፈራሁ» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ተቆራረጠ። ከዚያ ጥርት ብሎ «ኳሱ ይቅርብን። ዝም ብለህ አውራኝ» አለ።

«አንድ ደቂቃ፣ አንዲት ቁጥር ብቻ ልቀይር» ብዬ ሞደሙን ነቀልኩት።

መስመሩ ሲመለስ ከጨዋታው ወጥቷል። ደክሞት ተኝቷል ብዬ አልደወልኩም። በማግስቱ ጠዋት አብሮት የሚኖረው ሰው ደውሎ መሞቱን ነገረኝ።

ከወራት በኋላ ሱቄ ኢንተርኔት ሊያስገባ የመጣውን ባለሙያ ጠየቅኩት። ዲኤንኤስ መጀመሪያ ላይ አድራሻውን ጠቁሞ ይተውሃል፣ ጨዋታው ከተጀመረ ወዲያ ምንም አይፈይድም አለኝ። ታዲያ ያን ዓርብ ለምን ሠራ ስለው፣ በስንት ሰዓት እንደሞከርኩት ጠየቀኝ። ጠዋት ነው አልኩት። ጫቱ ከድሬዳዋ ገብቶ ከተማው ሁሉ በርጫ ላይ ሲቀመጥ እኮ ነው ስልኩን የሚከፍተው፣ መስመሩም የሚጨናነቀው ያኔ ነው አለኝ። ጫት ሲገባ ሱቄን የምዘጋ ሰው ይህን እንዴት አጣሁት? ራሴን ጠላሁት።

ያን ሰሞን እናቴን ለማየት ድሬዳዋ ሄድኩ። እጄን ይዛ የመጨረሻ ቃሉ ምን እንደነበር ጠየቀችኝ።

«እናቴን ሰላም በልልኝ አለ» አልኳት።

ደግማ አስነገረችኝ። ዛሬም ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር፣ እንግዳ ሲመጣ ጠርታኝ፣ ወንድምህ ያለህን ንገራቸው ትለኛለች። እነግራቸዋለሁ።