ፈረንጁ ሳይጮህ ዳስ አይገባም

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ማዕረግ ገመድ ጎታች ነበር። የቀጠሩኝ ጋሽ ደሳለኝ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ ያከራያሉ። ከገመድ ጎታች በላይ ማይክ ያዥ አለ፤ ድምፁን የሚቆጣጠረው ሚክሰር ላይ የሚቀመጡት ራሳቸው ናቸው።

ዕቃውን ተክለን ስንጨርስ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የፈረንጅ ሮክ ከፈቱ። መጀመሪያ አንድ ጊታር ለብቻው ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ቀጥሎ ባሱ ይገባል፤ ከዚያ ከበሮው። በመጨረሻ ዘፋኙ ጥርሱን ያለ ማደንዘዣ እንደነቀሉት ሰው ይጮሃል።

«ጋሽ ደሳለኝ፣ ይኼ ለሠርግ ይሆናል?» አልኳቸው።

«ለሠርግ ነው ማን አለህ? ለስፒከሩ ነው። ይኼን ጩኸት የቻለ ስፒከር የሙሽራውን አጎት ንግግርም ይችላል» አሉኝ።

ሃያ ዓመት ያህል በዚያው ዘፈን ፈተንን። ቁይ በሉ፣ ደብረ ወርቅ በሉ፣ መርጡለ ማርያም፣ ፈረንጁ ያልጮኸበት ዳስ የለም። በኋላ ጋሽ ደሳለኝ ሥራ አቆሙና ሚክሰሩ ላይ እኔ ተቀመጥኩ። ሰው ሲሾም አንድ ነገር መቀየር ያምረዋል። ዘፈኑን ከፍላሹ አጠፋሁና በማይክ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ መፈተን ጀመርኩ። የዘመንኩ መስሎኝ ነበር።

ሚክሰሩ ላይ ተቀምጬ የመጀመሪያው ሥራዬ ቁይ፣ አቶ ሞላ ልጃቸውን ሲድሩ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጨረስኩ። ዳሱ ባዶ ነው። እንግዳው በሙሉ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ያወራል። የሙሽራው መኪኖች ጥሩምባ ደግሞ መሰማት ጀምሯል። ሙሽራ ባዶ ዳስ ከገባ የአቶ ሞላ ስም አበቃለት። ፊታቸው አመድ መስሎ እንግዶቹን ይለምናሉ።

«ምን ያስቸኩልሃል፣ ሞላ? ፈረንጁ መቼ ጮኸና» አሉ አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው።

ለካ ዘፈኑ የዕቃ መፈተኛ መሆኑን የሚያውቅ የለም። እንግዶቹ ጊታሩ ሲጀምር እጃቸውን ሊታጠቡ ይነሳሉ፣ ባሱ ሲገባ ወንበር ይይዛሉ፣ ጩኸቱ ላይ ሁሉም ተቀምጧል። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ገመድ ገመዱን ሳይ ሰዉን አላየሁም።

አቶ ሞላ እየሮጡ መጡ። «ልጄ፣ ልታዋርደኝ ነው። ክፈተው።»

«ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ።»

ያዩኝ አስተያየት እስካሁን ያሳፍረኛል። መላ ሳጣ ማይኩን አነሳሁና ጊታሩን በአፌ ጀመርኩ። ድን፣ ድን፣ ድድን። ሰዉ ዞር አለ። ባሱን በጉሮሮዬ አስገባሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተንቀሳቀሱ። ከበሮውን ጠረጴዛው ላይ በመዳፌ ደበደብኩ። ሙሽራው ከመኪና ሲወርድ ዓይኔን ጨፍኜ ጮኽኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ዳሱ ጢም ብሏል። ሙሽራው በእልልታ ይገባል፤ አቶ ሞላ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሽማግሌው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉና «ፈረንጁን ዛሬ ጉንፋን ይዞታል» አሉኝ።

በማግስቱ ጋሽ ደሳለኝ ቤት ሄጄ ዘፈኑን ከሲዲያቸው አስገለበጥኩ። ለሙያ ባልደረቦቼ የምለው ይኼው ነው፦ ለስፒከሩ ብላችሁ የምትከፍቱትን ሰውም ይሰማዋል። ከማጥፋታችሁ በፊት ጠይቁት።