የከሊፋ ቀይ ክዳን

ከሊፋን የማውቀው ሁለት እጅ ሳለው ነው። ደቡብ ውስጥ በነበረው የወርቅ ማውጫችን እሱ መካኒክ፣ እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርን። ድንጋይ መፍጫዋ ግራ እጁን ከአንጓው ስትቆርጠው ደሙን በሸሚዜ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።

ኃላፊያችን ጓድ ጋሻው በማግስቱ ስብሰባ ጠራና፣ «መፍጫዋ ክዳን ነበራት። ሰክሮ ገብቶ ራሱ ነው የከፈታት» አለ። ከሊፋ! መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሙስሊም! የዚያን ዕለት ማለዳ ለምርት ዘመቻው ብሎ ክዳኑን እንዲያነሳ ያዘዘው ራሱ ጋሻው ነበር፤ ሲያዘው ግን ከከሊፋ በቀር የሰማ አልነበረም። እስከዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ልደታ ዋናው መሥሪያ ቤት አምጥተው ዘበኛ አደረጉት፤ እኔና ጋሻውም በኋላ ወደዚያው ተዛወርን። ወሬው ግን ቤተሰቡ ያለበት ጌጃ ሰፈር ቀድሞት ደርሶ ነበር። የሚስቱ የዙሃራ አባት፣ «ሰካራም ቤት እግሬ አይገባም» ብለው ቀሩ። ከእጁ ይልቅ ያ አንገበገበው።

ጋሻው ጡረታ ሊወጣ ሲል የሠራተኛ ማኅበሩ ስጦታ ማፈላለግ ጀመረ። ከሊፋ፣ «እኔ አለሁ። መፍጫዋን አሳንሼ በጡብ እሠራለታለሁ» አለ። ሰው ሁሉ ይቅር ባይነቱን አደነቀ። እኔ አላመንኩም፤ ከሊፋ ቂም የሚረሳ ሰው አይደለም።

ዙሃራ ሸክላውን ታቦካለች፤ እሱ በአንድ እጁ በክብሪት ሳጥን እየሞላ ትንንሽ ጡብ ያወጣል። ጎረቤታቸው ዳቦ ጋጋሪው ከዳቦው በኋላ ምድጃው ውስጥ ይከትለታል። ድንጋይ የሚራገፍባት አፏ ሳይቀር በጡብ ተገነባ። ጥርሶቿ ቆርቆሮ ናቸው፤ እጀታዋን ሲያዞሯት ይጋጠማሉ። መጨረሻ ላይ ቀይ ክዳን ገጠመላት።

«ምን ነካህ? የሰውዬውን ውሸት ልታጸድቅለት ነው?» ብዬ ጮኽኩበት።

«ተወኝ እባክህ። እሱ ስህተት አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ያርማል። ብቻ አንተ ዝም ብለህ እይ» አለኝ።

የመሸኛው ቀን አዳራሹ ጢም ብሏል። ዙሃራ በስንት ልመና አባቷን አምጥታ ከኋላ አስቀምጣለች። ጋሻው ብርጭቆውን እንደያዘ ስጦታውን ዞሮ ዞሮ መረመረ።

«ጥርሱ ልክ ነው። አፏም ልክ ነው» አለ። «ይሄ ክዳን ግን ስህተት ነው! በምርት ዘመቻው ጊዜ ሥራ ሲያጓትትብን እኔ ነኝ ያስነሳሁት። ራሱ ከሊፋ አይደል እንዴ የፈታው? ረሳኸው?» ክዳኑን ነቅሎ ለሕዝቡ አሳየ።

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ ከሊፋ ቆራጣ እጅ ዞረ። ጋሻው ምን እንደተናገረ የገባው ያኔ ነው፤ ፊቱ አመድ መሰለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

ከሊፋ ቆራጣ እጁን ዘረጋለት። «አልረሳሁም፣ ጓድ ኃላፊ። ክዳኑን እዚህ ላይ ያስቀምጡልኝ» አለው።

ጋሻው አስቀመጠ። ከኋላ የዙሃራ አባት ተነሡ። «ልጄ፣ ዛሬ እራቴን አንተ ቤት ነው የምበላው» አሉ።

ጋሻው ስጦታውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሊሾልክ ሞከረ። ከሊፋ መፍጫዋን በደረቱ አቅፎ እስከ መኪናው ተከተለውና አጠገቡ ወንበር ላይ አኖረለት።

«ይውሰዷት እንጂ» አለው። «አሁን ልክ ናት።»